ቁጥሩ የጠፋበት መዝገብ፦ የፍትሐ ብሔር መዝገብ ለመፈለግ የትኛው መንገድ ለማን ይበጃል?

አባቴ ካረፈ በኋላ ከአልጋው ሥር የወጣው የቆርቆሮ ሣጥን ብዙ ነገር ይዞ ነበር፤ የዕቁብ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ ያረጁ ፎቶግራፎች፣ ደግሞም አንድ ባለ ሁለት ገጽ የፍርድ ቤት ውሳኔ። ውሳኔው ስለ ቤታችን የኋላ አጥር ነው። ማኅተሙ ይታያል፤ የዳኛው ፊርማ ይታያል፤ የጎረቤታችን ስም ይነበባል። የመዝገብ ቁጥሩ የተጻፈበትን የቀኝ ጥግ ግን አይጥ በልቶታል። ያቺ የተበላች ጥግ የሦስት ሳምንት ደጅ መጥናት አስከተለችብን።

በመጀመሪያው ቀን በሄድኩበት መዝገብ ቤት ከፊቴ ተሰልፈው የነበሩ አንዲት እናት የእኔኑ ጥያቄ ሲጠይቁ ሰማሁ። «እማማ፣ ቁጥሩን ይዘው ይምጡ» አላቸው ሠራተኛው። «ቁጥሩንማ ባውቀው እዚህ ምን አመጣኝ ልጄ?» አሉት። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። መዝገብ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው በቁጥር ነው። ፈላጊው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በእጁ ያለው ስም፣ ሰፈርና ግምታዊ ዓመት ብቻ ነው። የአገሪቱን ፍርድ ቤቶች ሁሉ መዝገቦች በሰው ስም ፈልጎ በአንድ ጊዜ የሚያወጣ ድረ ገጽም ሆነ ቢሮ የለም። ስለዚህ ጥያቄው «የት ልፈልግ?» ብቻ ሳይሆን «በእጄ ባለው ነገር የትኛው መንገድ ያዋጣኛል?» ነው። ያሉትን መንገዶች ከዚህ በታች አነጻጽራለሁ፤ የማደላበትም አለ፤ አልደብቀውም።

ከመንገዱ በፊት ግቢውን መለየት

እኔ ከሦስቱ ሳምንታት ሁለቱን ያጠፋሁት ባልተከሰስንበት ግቢ ነው። ይህን ስሕተት የሚደግም ሰው ብዙ ነው፤ በተለይ አዲስ አበባ ላይ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት የፍርድ ቤት ቤተሰቦች ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንደኛው የፌዴራሉ ነው፤ መጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤት። ሁለተኛው የከተማዋ ነው፤ መጀመሪያ ደረጃና ይግባኝ ሰሚ። የከተማዋ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ከቻርተሩ፣ ማለትም ከአዋጅ ቁጥር 361/1995 የሚመነጭ ሲሆን፣ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ የስም ለውጥ፣ የሞግዚትነት ጉዳይ፣ የከተማ አስተዳደሩ የሚያስተዳድራቸው ቤቶች የተከራይነት ክርክርና የመሳሰለው እዚያ ይታያል። የሁለቱ መዝገብ ቤቶች የተለያዩ ናቸው። ልደታ የሚገኘው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ የከተማው ፍርድ ቤት የሰጠውን የወራሽነት ማስረጃ ሊያገኝልዎ አይችልም፤ «የለም» ሲልም የሚናገረው ስለ ራሱ መደርደሪያ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ግን ያን «የለም» ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በፌዴራሉ ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ የክርክሩ የገንዘብ መጠንና ዓመቱ አንድ ላይ መታየት አለባቸው። በአዋጅ ቁጥር 25/1988 መሠረት ከ500,000 ብር በላይ የሆነ የፍትሐ ብሔር ክርክር የሚጀመረው በከፍተኛ ፍርድ ቤት ነበር። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ሲወጣ ይህ ጣሪያ ወደ 10 ሚሊዮን ብር ከፍ አለ። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. የተከፈተ የ700,000 ብር የውል ክርክር የሚፈለገው በከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ያው መጠን ያለው የዛሬ ክርክር ግን ከመጀመሪያ ደረጃው ይገኛል። መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በከተማዋ በተለያዩ ምድብ ችሎቶች ስለተከፋፈለ የቱ ምድብ እንደሆነ መጠየቅም ይኖርብዎታል። ከ1988 ዓ.ም. በፊት ላለ ነገር የፍርድ ቤቱ ስም ራሱ ሌላ ነው። በእጅዎ ያለው አሮጌ ወረቀት «አውራጃ ፍርድ ቤት» የሚል ከሆነ መዝገቡ ከዚያ ወዲህ ለየትኛው ፍርድ ቤት እንደተላለፈ መጠየቅ የፍለጋው የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

ቦታውን ለመለየት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረታዊ ደንብ ይረዳል። ክርክሩ ስለ ቤት ወይም ስለ መሬት ከሆነ ንብረቱ በሚገኝበት ቦታ ያለው ፍርድ ቤት ዘንድ ይፈልጉ። የውርስ ከሆነ ሟች ሲሞት ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ። ሌላው አብዛኛው ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት ቦታ። ወንድምዎ አዳማ እየኖረ ቦሌ ባለ ቤት ከተከሰሰ መዝገቡ ያለው አዲስ አበባ ነው ማለት ነው።

ክልል ላይ ደረጃው ወረዳ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሰዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛውን፣ የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃውን ሥልጣን ደርቦ እንዲሠራ ፈቅዷል። ስለዚህ «ጉዳዩ የፌዴራል ነው» ስለተባለ ብቻ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ላያስፈልግ ይችላል። ቋንቋውንም አይርሱ፤ የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውም የሚያገኙት ግልባጭም በዚያ ቋንቋ ነው፤ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሊያቀርቡት ካሰቡ ትርጉም ይጨመርበታል።

ሙስሊም ቤተሰቦችን በሚመለከት ሦስተኛ ግቢ አለ። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ውርስን፣ ወቅፍን (ለሃይማኖት ወይም ለበጎ ሥራ የተሰጠ ንብረትን) እና የመሳሰለውን የሚያዩት ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ስለሆነ፣ የአንድ ሟች የውርስ ጉዳይ በመደበኛውም በሸሪዓውም ሊኖር ይችላል። ሁለቱንም ይጠይቁ።

የስሙ ጣጣ

ኮምፒውተር «ዓለሙ»ን እና «አለሙ»ን እንደ ሁለት ሰው ነው የሚያያቸው። ያለንበት ፊደል ሀብት ነው፤ መዝገብ ለሚፈልግ ሰው ግን ዕዳው ይበዛል። «ኃይለ ሥላሴ» የሚል ሰው በመዝገቡ ላይ «ኃይለሥላሴ»፣ «ሀይለስላሴ» ወይም «ኃ/ሥላሴ» ሆኖ ሊገኝ ይችላል። «ገብረ ማርያም»፣ «ገብረማርያም»ና «ገ/ማርያም» እንዲሁ። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ሠናይት» እና «ሰናይት» ተመሳሳይ ዕጣ አላቸው። ወደ መዝገብ ቤት ከመሄድዎ በፊት የሁሉንም ተከራካሪዎች ስም አጻጻፍ በአንድ ወረቀት ላይ ደርድረው ይያዙ፤ ሠራተኛው በቃል ሰምቶ እንዲገምት አይተዉት።

ከፊደሉ የባሰው «እነ» የምትለው ቃል ናት። ተከሳሾቹ ብዙ ሲሆኑ መዝገቡ የሚጠራው በመጀመሪያው ሰው ስም ነው፤ «እነ ከበደ (4 ሰዎች)» ተብሎ። እናትዎ አራተኛዋ ተከሳሽ ከነበሩ በስማቸው ቢፈልጉ አያገኙም፤ መጀመሪያ የተጠራው ወንድማቸው፣ ጎረቤታቸው ወይም መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። እኛም ጋ የሆነው ይኸው ነው። አባቴ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ስሙ አልነበረም፤ ከአያቴ ልጆች ታላቅየው ነበር የተጻፈው።

ሚስት የባልዋን ስም ስለማትወርስ የባልን መዝገብ በሚስት ስም፣ የሚስትን በባል ስም መገመት አይቻልም። በሰፈር የሚጠራበትና በመታወቂያው ላይ ያለው ስም የሚለያይ ሰውም ጥቂት አይደለም። ይግባኝ ሲባል ደግሞ ቦታው ይገለበጣል፤ ከታች ከሳሽ የነበረው ሰው ከላይ «መልስ ሰጪ»፣ ሰበር ላይ (በመጨረሻው ውሳኔ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ ሲባል ጉዳዩ የሚታይበት ችሎት) ደግሞ «ተጠሪ» ሊሆን ይችላል። ስሙን በሁለቱም ወገን ያስፈልጉ።

አንድ ክርክር ስንት ቁጥር አለው?

ይህን የነገሩኝ ልደታ አካባቢ ለረጅም ዓመታት በጥብቅና የሠሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ አንድ ቁጥር አትፈልግ፤ ከቁጥሮቹ አንዱን ፈልግ» አሉኝ። እውነትም አንድ የአጥር ክርክር በመጀመሪያ ደረጃ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ይግባኝ ሲጠየቅበት ሌላ፤ ሰበር ሲደርስ ሌላ፤ አሸናፊው ፍርዱ ይፈጸምልኝ ብሎ ሲያመለክት ደግሞ የአፈጻጸም መዝገብ በአዲስ ቁጥር ይከፈታል። ጥሩው ነገር እርስ በርስ የተያያዙ መሆናቸው ነው። የበላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የታችኛውን ፍርድ ቤት ስም፣ የመዝገብ ቁጥርና የውሳኔ ቀን ጠቅሶ ነው «ጸንቷል» ወይም «ተሽሯል» የሚለው። ከአራቱ አንዱን ካገኙ ሌሎቹን ክሩን እየጎተቱ ያወጧቸዋል።

አሁን ወደ መንገዶቹ።

ራስዎ ሄደው መጠየቅ

ወጪው ትንሽ፣ ድካሙ ብዙ ነው። ተከራካሪ ከነበሩ ወይም የተከራካሪው ሕጋዊ ወራሽ ከሆኑ፣ ቁጥሩም በእጅዎ ካለ፣ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ ለሌላ ሰው ገንዘብ አይክፈሉ። መታወቂያ፣ አጭር ማመልከቻ፣ ቁጥሩ፤ ይኸው ነው። በሂደት ላይ ያለ መዝገብ ከችሎቱ ጋር ስለሚሆን ቀጠሮውን ከመዝገብ ቤት ማወቅ ይቻላል፤ የተዘጋ መዝገብ ግን ከማከማቻው መውጣት ስላለበት «ከሁለት ቀን በኋላ ይመለሱ» መባል የተለመደ ነው። የሚሰጥዎ ግልባጭ ማኅተም ያረፈበት መሆን አለበት፤ ያለ ማኅተም የተገለበጠ ወረቀት ለራስ ንባብ እንጂ ለሌላ ቢሮ አይሆንም።

ቁጥሩ ከሌለዎት «በስም ይፈለግልኝ» ከማለት ይልቅ በባሕር መዝገቡ ላይ እንዲታይልዎ ይጠይቁ። ይህ መዝገቦች ሲከፈቱ በተራ የሚጻፉበት ትልቁ ደብተር ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የዓመት ግምት ነው፤ ግምቱ በጠበበ ቁጥር የሠራተኛው ፈቃደኝነት ይሰፋል። «በ1990ዎቹ» የሚል ጥያቄ አሥር ደብተር ማገላበጥ ነው፤ «በ1994 ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ» የሚል ግን የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ዓመቱን ለማጥበብ የቤተሰብን ትዝታ ይጠቀሙ። እኛ ዓመቱን ያወቅነው እናቴ «ታናሽዬሽ የተወለደች ጊዜ አባትሽ ችሎት ነበር» ብላ ለእህቴ በነገረቻት ነው።

ተከራካሪ ካልሆኑ ነገሩ ይከብዳል። ችሎት በግልጽ ይሰየማል፤ ፍርድም በግልጽ ይነበባል፤ መዝገብ ማገላበጥ ግን ለማንም መንገደኛ የተከፈተ ነገር አይደለም። በማመልከቻው ላይ ለምን እንደሚፈልጉት፣ ምን ጥቅም እንዳለዎት በሁለት መስመር ማሳየት አለብዎት። ሕፃናትንና የቤተሰብ ገመናን የሚነካ ከሆነ ጥያቄው ይበልጥ ይጠብቃል፤ መጥበቁም ተገቢ ይመስለኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ጊዜ፦ ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 የክረምት ዕረፍት ላይ ናቸው፤ በተረኛ ችሎት የሚታዩት አጣዳፊ ጉዳዮች ናቸው። ከውጭ አገር ለዕረፍት የሚመጣው ወገን አብዛኛው ደግሞ በዚሁ ክረምት ነው የሚመጣው። ጉዞዎን ማዛወር ከቻሉ ከጥቅምት ወዲያ ያድርጉት።

ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር መፈለግ

የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥራቸውን ወደ ኤሌክትሮኒክ እያዞሩ ነው፤ ክስ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማቅረብም ተጀምሯል። ለአዲስ መዝገብ፣ ቁጥሩም ላለው ሰው፣ ይህ መንገድ ሌላውን ሁሉ በፍጥነት ይበልጣል፤ ለቀጠሮ ብቻ ብሎ ታክሲ ተሳፍሮ መሄድ ዛሬ ብክነት ነው።

ለእንደ እኛ ዓይነቱ ግን ብዙም አልረዳም። የቆየ መዝገብ ወረቀት ነው፤ ወደ ኮምፒውተር የገባውም ቢሆን ስሙ እንዴት እንደተጻፈ ጸሐፊው ነው የሚያውቀው። ፈልገው ሲያጡ «መዝገብ የለም» ብለው እንዳይደመድሙ። ያገኙትንም አትመው ባንክ ወይም መሬት ቢሮ ቢወስዱት ማኅተም ስለሌለው አይቀበሉዎትም። ይህን መንገድ ቁጥር ለማረጋገጥ ይጠቀሙበት፤ ማስረጃ ለመያዝ ግን መጨረሻ ላይ መዝገብ ቤቱ ደጃፍ መቆምዎ አይቀርም።

ጠበቃ ወይም ወኪል መላክ

ጠበቃ የሚያዋጣው ፍርድ ቤቱን በማያውቁበት ጊዜ ነው እንጂ ቁጥሩ በእጅዎ እያለ አይደለም። የትኛው ግቢ፣ የትኛው ምድብ፣ በየትኛው ዓመት የቱ ፍርድ ቤት ምን ሥልጣን ነበረው የሚለውን የሚያውቅ ሰው ሁለት ሳምንት ያተርፍልዎታል። ጥብቅና አሁን የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው፤ ፈቃዱን አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። ክፍያውን ሲነጋገሩ «መዝገቡን ላገኝልህ» በሚል ቃል አይስማሙ። በጽሑፍ የሚያዝ ነገር ይጠይቁ፤ የትኞቹ ፍርድ ቤቶች፣ በየትኞቹ ስሞች፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት እንደተፈለገ የሚዘረዝር ደብዳቤ። መዝገቡ ባይገኝ እንኳ ያ ዝርዝር ቀጣዩን ፈላጊ ከዜሮ ከመጀመር ያድነዋል።

በር ላይ «አውቅልሃለሁ» እያሉ የሚጠጉትን ጉዳይ አስፈጻሚ ነን ባዮች ግን እኔ አላምናቸውም። አንዱ ከእኔ ገንዘብ ተቀብሎ የሌላ ሰው ውሳኔ ፎቶ ኮፒ አመጣልኝ፤ ስሙ ይመሳሰላል፤ ሰፈሩ አይገናኝም።

ወኪል የግድ ጠበቃ መሆን የለበትም፤ ግልባጭ ለማውጣት እህት ወይም ልጅ ይበቃል። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ውክልናውን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፈርሞ ይልካል፤ እዚህ ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥና ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ጽሑፉ ላይ አጠቃላይ ውክልና ብቻ ከመጻፍ «የፍርድ ቤት መዝገብ አስቀርቦ እንዲያይ፣ የውሳኔና የማስረጃ ግልባጭ እንዲወስድ» የሚል ግልጽ ቃል ያስገቡ። ይህች መስመር ቀርታ ኤንቬሎፑ ሁለት ጊዜ ውቅያኖስ ሲያቋርጥ አይቻለሁ።

በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስቀረብ

ጉዳይዎ አስቀድሞ ፍርድ ቤት ካለ ይህ መንገድ ከሁሉም ይጠነክራል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 145 ፍርድ ቤቱ ከራሱ፣ ከሌላ ፍርድ ቤት ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ እንዲያስቀርብ ሥልጣን ይሰጠዋል። እርስዎ «አይመለከትህም» የተባሉበት መዝገብ ለዳኛ ትእዛዝ ይወጣል። ሆኖም ዳኛው ፈላጊ አይሆንልዎትም። የትኛው ፍርድ ቤት፣ የትኛው ቁጥር፣ የትኛውን ጭብጥ ለማስረዳት የሚሉትን ሦስቱን ካላቀረቡ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል። ስለዚህ ይህ የፍለጋ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም።

ከፍርድ ቤት ውጭ ያለው ወረቀት

የማደላው እዚህ ነው። ፍርድ ቤት ብቻውን አይሠራም፤ ይጽፋል። እግድ ሲሰጥ ለመሬት ቢሮ ይጽፋል፤ ፍርድ ሲፈጸም ለባንክ፣ ለመንገድ ትራንስፖርት፣ ለወረዳ ይጽፋል። እያንዳንዱ ደብዳቤ ራስጌው ላይ የመዝገብ ቁጥሩን ይይዛል፤ ተቀባዩ መሥሪያ ቤትም ደብዳቤውን በፋይሉ ያስቀምጠዋል። እነዚህ ፋይሎች ደግሞ የተደረደሩት በይዞታ ወይም በባለንብረት ስም ነው፤ ማለትም እርስዎ በሚያውቁት ነገር።

የአባቴን መዝገብ ቁጥር ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ለሌላ ጉዳይ፣ ለካርታ እድሳት፣ የይዞታ ፋይላችን ሲገለጥ በመካከሉ ከፍርድ ቤት የተጻፈ «አጥሩ በነበረበት ይቆይ» የሚል ትእዛዝ ተጣብቆ ነበር። ቁጥሩ ሙሉ። አይጥ አልደረሰበትም።

ቤት ለሚገዛ ሰው ይህ ከማናቸውም ይቀድማል። ሻጩ በአገሪቱ በየትኛውም ፍርድ ቤት አልተከሰሰም የሚል ማረጋገጫ የሚሰጥ የለም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 የተሰጠ እግድ ወይም የባንክ ዕዳ በይዞታው ላይ መኖር አለመኖሩን ግን የይዞታ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ፋይል ያሳያል። ሻጩን ይዘው ይሂዱ፤ አብሮኝ አልሄድም የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቶዎታል። ይህም ቢሆን የገና ዋዜማ ንጹሕ የነበረ ፋይል በማግስቱ እግድ ሊደርሰው ይችላል፤ ስለዚህ ማጣሪያው ውል በሚፈረምበት ቀን ጠዋት እንጂ ከአንድ ወር በፊት አይሁን።

የቆየ ቤት ከሆነ የሽያጭ ውሉ ራሱ ፍርድ ቤት ሊገኝ እንደሚችልም ያስታውሱ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ይጠይቃል።

ጋዜጣና የሰበር ቅጾች

ተከሳሽ አድራሻው ሲጠፋ መጥሪያው በጋዜጣ ይወጣል፤ የፍርድ ባለዕዳ ንብረት ሲሸጥ የሐራጅ ማስታወቂያ ይወጣል። ሁለቱም የተከራካሪዎቹን ስም፣ ፍርድ ቤቱንና የመዝገብ ቁጥሩን ይይዛሉ። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተም ስለሆነ በቤተ መጻሕፍት ተጠርዞ የተቀመጠውን ማገላበጥ ይቻላል፤ ሥራው ግን ዓይን ያደክማል፤ ወሩን ካላወቁ አልመክርም።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በቅጽ ተጠናቅረው ታትመዋል፤ በድረ ገጹም ይገኛሉ። ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የሰበር ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 አስገዳጅ ከሆነ ወዲህ እነዚህ ቅጾች የጠበቃ የዕለት እንጀራ ናቸው። ለተራ ፈላጊ ጥቅማቸው ሌላ ነው፤ ክርክሩ ሰበር ደርሶ ከታተመ የሦስቱንም ደረጃ ታሪክ በነፃ፣ ከወንበርዎ ሳይነሱ ያነባሉ፤ የታችኞቹን መዝገቦች ቁጥርም ያገኛሉ። ግን ሰበር የሚደርሰው ከብዙ አንዱ ነው።

ለማን የቱ?

በሌለሁበት ተፈርዶብኛል ብሎ የሚጠረጥር ሰው ጊዜ የለውም። ፍርዱ እንዲነሣ ለማመልከት የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 78 ፍርዱን ካወቁበት ቀን አንሥቶ የሚሰጠው አንድ ወር ነው፤ ወደ ክርክሩ መግባት ሲገባው ያልገባ ሦስተኛ ወገን ደግሞ በቁጥር 358 መቃወሚያ ማቅረብ የሚችለው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ነው። ስለዚህ በዚያኑ ቀን ጠበቃ ይያዙ፤ በመጥሪያው ወይም በአፈጻጸም ትእዛዙ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ስጡት። ባሕር መዝገብ ማገላበጥ ለዚህ ሰው ቅንጦት ነው።

ወራሽ በተቃራኒው መረጋጋት ይችላል። ከቤት ሣጥን ይጀምር፤ ቀጥሎ ሟች ይኖሩበት የነበረው አካባቢ የከተማ ፍርድ ቤት፤ እንደ ቤተሰቡ እምነት የሸሪዓው ፍርድ ቤት፤ ከዚያ የይዞታ ፋይሉ። ሌላ ወንድም ወይም እህት ቀድሞ የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥቶ እንደሆነ በብዛት የሚታወቀው በመጨረሻው ነው፤ ማረጋገጫውን ያወጣ ሰው ስም ለማዛወር መሬት ቢሮ መሄዱ አይቀርምና።

ፍርድ አሸንፎ ገንዘቡን ያልተቀበለ ሰው ደግሞ የፍርዱን ዓመት አስቀድሞ ይይ። አፈጻጸም መጠየቂያው በቁጥር 384 በ10 ዓመት ይዘጋል። ዘጠነኛው ዓመት ላይ ያለ ሰው በስም ፍለጋ አይጫወትም።

ማመልከቻው

ከግቢው ውጭ ያሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ሙሉ ገጽ ይጽፉልዎታል፤ ሠራተኛው የሚያነበው ግን አምስቱን መስመር ነው። እኔ መጨረሻ ላይ ያስገባሁት ይህን ይመስል ነበር፦

«አመልካች የሟች የተከሳሽ ልጅና ወራሽ ነኝ። ከሳሽ እገሌ፣ ተከሳሾች እነ እገሌ (3 ሰዎች) በሆኑበት፣ ስለ አጥር ወሰን በተደረገ ክርክር በ1994 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር አካባቢ የተወሰነ መዝገብ አለ። የመዝገብ ቁጥሩ ከይዞታ ፋይል በተገኘው ትእዛዝ ላይ ተጠቅሷል፤ ኮፒው ተያይዟል። መዝገቡ ከማከማቻ ወጥቶ የፍርዱና የተያያዘው የንድፍ ሥዕል ትክክለኛ ግልባጭ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።»

የንድፍ ሥዕሉን መጠየቄን አልረሳሁትም። ፍርዱ «በሥዕሉ ላይ በሀ እና በለ መካከል» ይላል፤ ሥዕሉ ከሌለ ሀ የት እንደሆነ ማን ያውቃል? ግልባጩ በአራተኛው ቀን ደረሰኝ። ማኅተሙን በየገጹ ቆጠርኩ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ አልነበረም፤ መልሼ ሰጠኋት፤ ሠራተኛዋ ሳቅ ብላ መታችልኝ። እቤት እንደደረስኩ ቁጥሩን በሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በማርከር ጻፍኩት።